ሰማንያ እጅጌ

ይህ የሆነው አምና መስቀል እንዳለፈ ነው። ልጄ እያነሳች ስለምትስቅብኝ ልርሳው ብልም አልተቻለኝም።

እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። ልጄ እናኑ ግን ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃ፣ ሥራ አጥታ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ላፕቶፗን ይዛ ትውል ነበር።

በኋላ ከእስቴ አንድ የማር ማኅበር ድረ ገጽ ሥሪልን አላት። ሊቀ መንበሩ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ አይተው ከወደዱት በቋሚነት ሊቀጥሯት፣ ካልወደዱት ባሕር ዳር ላለ ሰው ሊሰጡት ነው።

ሐሙስ ግን የጀመረችውን በስልካቸው አይተው ደወሉና "ጠቆረብን እኮ። የምንሸጠው ማር ነው፣ ኑግ አይደለም" አሏት።

የልጅቷ ፊት ጠወለገ። ለካ የርዕሱን ቀለም፣ የፊደሉን መጠን፣ የድረ ገጹ ሃያ ገጾች ሁሉ ላይ አንድ በአንድ በእጇ ጽፋው ኖሯል።

"ልክ የለሽም እንዴ?" አልኳት። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን የሲሚንቶ ወረቀት አሳየኋት። የተማሪ ሸሚዝ ስሰፋ አንዴ በወረቀት ልክ አወጣና ሁሉንም በእሱ እቆርጣለሁ።

"አለ አባዬ፣ ፍሬምወርክ ይሉታል። ቀለሙም መጠኑም አንድ ቦታ ይጻፋል፣ ገጾቹ ከዚያ ይወስዳሉ። አውርጄው ነበር፣ ግን ፈራሁት።"

"ምኑ ያስፈራል?"

"አንድ ቦታ ከተሳሳትኩ ሁሉም ይበላሻላ። የእርስዎን አርባ ሸሚዝ ረሱት?"

አንድ ዓመት የእጅጌውን ልክ በአራት ጣት አስረዝሜ፣ አርባ ሸሚዝ በዚያው ቆርጬ ነበር። ተማሪዎቹ እስክሪብቶ ሊይዙ ጣታቸው ጠፋ።

ቢሆንም ጀመረችው። እንግሊዝኛውን እያነበበች፣ እየጻፈች፣ እያጠፋች፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ሃያውም ገጽ የማር መልክ ያዘ።

ቅዳሜ ሊቀ መንበሩ መጡ፣ ከእኔም ያረጁ ሰው ናቸው። ወንበሬን ለቀቅኩላቸው።

"ቀለሙስ ሸጋ ነው። ፊደሉ ግን ደቀቀብኝ" አሉ።

እናኑ ቁጥሩን አሥራ ስድስት ልታደርገው ፈልጋ፣ ቸኩላ አኃዞቹን ገልብጣ ስድሳ አንድ ጻፈች። ሃያው ገጽ ባንዴ አበጠ። "ማር" የምትለው ቃል ብቻዋን መስኮቱን ሞላችው።

በልቤ "አለቀላት፣ እጅጌው መጣ" አልኩ። ስፌት የምፈታበትን ምላጭ ልፈልግ ምንም አልቀረኝ።

"ይኸስ ጉና ተራራ ላይ ተቁሞም ይነበባል" አሉ ሰውየው።

ልጅቷ አንዷን ቁጥር አስተካከለች። ሁሉም ባንዴ ልኩን ያዘ።

"በአንዲት ነካ ነው? እስቲ ድገሚው።"

ሦስት ጊዜ ፊደሉን አስነፏት፣ ሦስት ጊዜ አስተነፈሷት። ከዚያ ተነሡና "እኛ ሐሳባችንን ቶሎ ቶሎ የምንለውጥ ሰዎች ነን። ለእኛ የምትሆኚን አንቺ ነሽ" አሏት።

አሁንም እዚሁ አጠገቤ ሆና የማኅበሩን ሥራ ትሠራለች። መቀስ ባነሳሁ ቁጥር "አባዬ፣ ልኩን አዩት?" ትለኛለች። ደስ ይለኛል። ትንሽ የምቀናባት ነገር ግን አለችኝ፤ እሷ ስህተቷን በአንድ ቁጥር አቃናችው፣ እኔ ሰማንያ እጅጌ አንድ በአንድ በምላጭ ነው የፈታሁት።