የደበቅሁት መልስ

አሥራ አንደኛ ክፍል ስንማር ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ደብረ ማርቆስ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ከአማኑኤል ከተማ የመጣሁ ነኝ፤ እሱ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ካለ ቀበሌ። ወደ አስኳላ ከመግባቱ በፊት ቅኔ ቤት ስለቆየ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። እንግሊዝኛው ደካማ ነው። በአማርኛ ግን ከእሱ ጋር ነገር መጀመር የራስን ጉድጓድ መማስ ነበር፤ «ራበኝ» ብትለው እንኳ ከቃሉ በስተጀርባ ሌላ ቃል ይፈልጋል።

ያን ጊዜ ሞባይል ገና በየኪሱ አልገባም። ከመናኸሪያው በላይ አንድ የኮምፒውተር ማስተማሪያ ቤት ነበር። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ በሲዲ ያስመጣውን ጌም ጭኖ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ያጫውተናል። ዛሬ ልጆቼ ቢያዩት ይስቁብኛል፤ የሰዎቹ ፊት በመጥረቢያ የተጠረበ ይመስል ነበር። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባል የለ፣ እኛም አመሰገንን።

ታሪኩ አባቱ ስለተገደለበት ወጣት ነው። ጎራዴ ታጥቆ ገዳዩን ፍለጋ ከመንደሩ ይወጣል። ዘንዶ አለ፣ ጠንቋይ አለ፣ የሚናገር ወንዝ አለ። እኛን የያዘን ግን ዘንዶው አይደለም። ወጣቱን በየመንገዱ የሚያገኘው ሰው ሁሉ ያናግረዋል፤ ከታች ሦስት መልሶች ተጽፈው ይመጣሉ፤ አንዱን እስክትመርጥ ድረስ ያ ሁሉ ዓለም ዝም ብሎ ይጠብቅሃል። ንጉሡም ቢሆን ይጠብቅሃል። ትምህርት ቤት ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ነው ያለው፣ እሱንም መምህሩ አስቀድሞ ያውቀዋል። ቤት ደግሞ ታላላቆች ሲያወሩ ልጅ ዝም ይላል። ሰው ጠይቆኝ የምለውን ለመስማት ቆሞ ሲጠብቀኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሱስ ይሆናል፣ ሆነብንም።

ሥራ ተከፋፍለን ነበር። እኔ መዝገበ ቃላቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እያነበብሁ እተረጉማለሁ፤ እሱ ማውዙን ይዞ ይመርጣል። ስንሸነፍ ቀድሞ ወደነበርንበት ቦታ መሄድን «መልሰው» እንለው ነበር። አንድ ቀን ይህን ቃል ስናገር ሳቅ አለና፣ «በእኛ አገር ሌላም የሚመለስ አለ» አለኝ። ቅኔ አልተማርሁም፣ ግን ገባኝ። ደም ነው።

የእሱም አባት የተገደለ ነው። በድንበር ጠብ፣ እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ። ገዳዩ ታስሮ ፍርዱን ጨርሶ በዚያው ዓመት መስከረም ወደ ቀየው ገብቷል። ከዚያ ወዲህ አጎቱ፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም፣ ክፍላችን ብቅ ይሉ ጀመር። ሲመጡ ስንቅ ያመጣሉ፣ ሲሄዱ ጓደኛዬ ከበላው የበለጠ ይከሳል።

አንድ ቅዳሜ ጧት መጡ። «እንደምን አደሩ ጋሼ፣ ይግቡ» አልኋቸው። አልገቡም። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በራፍ ላይ ቆመው፣ እኔ የሌለሁ ያህል ይናገሩ ጀመር።

«ሰውየው ጎጆውን ሊያድስ እንጨት እየቆረጠ ነው። የአባትህን ማሳ ረግጦ ነው የሚያልፍ። አንተ እዚህ የፈረንጅ ቋንቋ ትቆጥራለህ።»

ጓደኛዬ መሬት መሬት እያየ፣ «አጎቴ፣ ፈተና ደርሷል፤ ይተዉኝ» አለ።

«ፈተናውማ ይኸው ነው። በሳምንቱ ቅዳሜ እመጣለሁ። ወይ ደሙን ትመልሳለህ፣ ወይ የአባትህን ስም ትመልሳለህ።»

እንደሄዱ ሁለታችንም ምሳ አልበላንም። «ዛሬ ጨዋታው ይቅርብን» ስለው፣ «እንጨርሰው» ብሎ ጫማውን አሰረ። ምን እንደሚመጣ ባውቅ ኖሮ እግሩን ይዤ አስቀረው ነበር።

በጌሙ ውስጥ ከወጣቱ ጋር አብሮ የሚጓዝ አንድ እጀ ቆራጣ ሽማግሌ ነበር። ጎራዴ አያያዝ ያስተማረው እሱ ነው። ከዘንዶው ያዳነው እሱ ነው። በየእሳቱ ዳር የማያልቅ ወሬ የሚያወራልን፣ ጓደኛዬ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሰው ነው። የዚያን ዕለት ከሰዓት አንድ ድልድይ ላይ ደረስንና ሽማግሌው ቆመ። የሚናገረው ተጽፎ መጣ። እኔ ቀድሜ አነበብሁት።

«ምን አለ?» አለኝ።

«አባትህን የገደልሁት እኔ ነኝ አለ።»

ሦስት መልሶች ወጡ። አንደኛው፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ሁለተኛው፣ ከዓይኔ ጥፋ። እነዚህን ጮክ ብዬ ተረጎምሁ። ሦስተኛው «ጎራዴህን ምዘዝ» ይላል። እሱን ዘለልሁት። እጁ እዚህ ከለመደ እዚያም አይፈራም ብዬ አሰብሁ። የአጎቱ ቃል ገና ከጆሮዬ አልወጣም ነበር።

ጓደኛዬ ስክሪኑን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየ። «ሁለት ነው ያነበብህልኝ» አለ።

«አዎ።»

«መስመሩ ሦስት ነው።»

«ሦስተኛው ያው ነው፤ ከሁለተኛው አይለይም» አልሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከቃል ሥር ቃል ሲፈለፍል የኖረን ሰው እንዲህ ብዬ ላታልለው ሞከርሁ። ወደ እኔ ዞሮ እንኳ ሳያይ ሦስተኛውን ተጫነው።

ሽማግሌው አልተከላከለም። ድልድዩ ላይ ወደቀ፣ አለቀ። ሙዚቃ የለም፣ ሽልማት የለም፣ የነፋስ ድምፅ ብቻ። ጓደኛዬ አፉን ከፈት አድርጎ ይጠብቃል፤ ምን እንደሚጠብቅ እንጃ። ከዚያ ከድልድዩ ማዶ አንዲት ልጅ እየሮጠች መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ምን አለች?»

«አባቴን አላየኸውም ወይ አለች።»

«መልሶቹን አንብብ። አሁን ሁሉንም።»

አነበብሁለት። አላየሁትም። ሞቷል። እኔ ነኝ የገደልሁት። እጁን ከማውዙ ላይ አነሣ። ልጅቷ ዓይኗን እያርገበገበች ትጠብቃለች። ያን የምንወደውን ትዕግሥት፣ ያን ዝም ብሎ መጠበቅ፣ የዚያን ቀን ጠላሁት።

«መልሰው» አለኝ በመጨረሻ።

ፈለግሁ። ሽማግሌው እንደወደቀ ጌሙ ራሱ በቀድሞው ላይ ሴቭ አድርጎ የምንመለስበትን ቦታ አጥፍቶታል። «አይመለስም» አልሁት።

ባለቤቱ መጥቶ ሰዓታችን እንዳለቀ ነገረን። አልተነሣንም። ልጅቷም አልሄደችም። ኋላ መብራት ጠፋ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ጓደኛዬም ተነሥቶ ወጣ።

ሳምንቱን ሙሉ ከ«ደህና አደርህ» በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። ለክፍል ኃላፊያችን ልንገር አልሁ፣ ተውሁት። ፖሊስ ጣቢያው በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመልሻለሁ። ምን እላቸዋለሁ? ጓደኛዬ ጌም ውስጥ ሽማግሌ ገደለ ልበል? ሰበብ ነው። እውነቱ፣ ፈሪ ነበርሁ።

ቅዳሜ አጎቱ መጡ። ከጋቢያቸው ሥር ያለውን ላለማየት ፊቴን አዞርሁ፤ ግን አይቼዋለሁ። ጓደኛዬ ደብተሮቹን አስተካክሎ ደረደረና ተከተላቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ፣ ቅዳሴው ጆሮዬ አልገባም። ሰኞ በክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ ቀሪ ተባለ። ከሮብ ገበያ የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ፊቱን አነባለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በሩ ተከፈተ። በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ታቅፎ ገባ። እኔ በመጀመሪያ ያየሁት እጆቹን ነው። ሳያቸውም አየኝ።

«ሰውየው ቤት ደረስን» አለ ሳልጠይቀው፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ። «አጎቴ ከአጥሩ ውጭ ቀሩ። ስጣራ የወጣችው ልጁ ናት። ልጅ እንዳለው አንድ ቀን እንኳ ነግረውኝ አያውቁም። አባቴ እንጨት ሊያመጣ ሄዷል፣ አሁን ይመጣል፣ ተቀመጥ አለችኝ። ውሃ በጣሳ ሰጠችኝ። ከዚያ፣ የማን ልጅ ነህ አለችኝ።»

«ምን አልኻት?»

«የአባቴን ስም ነገርኋት። ስሙን ታውቀዋለች። ትጮኻለች፣ ትሮጣለች ስል፣ ቆማ ታየኛለች። ምን እንደማደርግ ቆማ ትጠብቃለች።»

«ከዚያስ?»

«ውሃውን ጠጣሁት።»

በእኛ አገር ደም የተቃቡ ሰዎች አንዱ የሌላውን ውሃ አይቀምስም። ከቀመሰ ነገሩ የሽማግሌዎች ነው፤ መሣሪያ አያነሣም።

«ወጥቼ ውሃቸውን ጠጥቻለሁ አልኋቸው አጎቴን» አለ። «መሬቱ ላይ እንትፍ አሉና ጥለውኝ ሄዱ። ሽማግሌ ይላክ ብዬ ለእናቴ ነግሬ መጣሁ።»

ተመስገን አልሁ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ደስታዬ ከልቤ ነበር። እሱም ቀለል ያለው መሰለኝ፤ ዳቦውን ከነነጠላው ጠረጴዛችን በሆነው ካርቶን ላይ አኖረና ወደ መደርደሪያው ዞረ። ሳህኑን አነሣ፣ ብርጭቆውን አነሣ።

«ቢላዋው የት አለ?»

ካርቶኑ ሥር አየ፣ ከጀሪካኑ ጀርባ አየ። ሌላ ቢላዋ የለንም። እስኪበቃው ቢፈልግ አያገኘውም። ፍራሼን ብድግ አድርጌ ከሥሩ አወጣሁት። ሽማግሌው ድልድዩ ላይ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ደብቄው፣ ላዩ ላይ ነበር የምተኛው። የእሱ ፍራሽ ከእኔው የአንድ ክንድ ያህል ነው የሚርቀው።

ቢላዋውን አየ። ፍራሹን አየ።

«ያን ቀን መልሱን የዘለልህብኝ» አለ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «ለእኔ ፈርተህ ነው ወይስ እኔን ፈርተህ?»

ቆሞ ይጠብቀኛል። «ለአንተ» ማለት እችል ነበር፤ ግማሹ እውነት ነውና።

«አንተን ነው» አልሁት።

ቢላዋውን ከእጄ ተቀብሎ ዳቦውን ቆረጠ። መጀመሪያ ለእኔ ሰጠኝ። ወሩ ሲያልቅ ሌላ ክፍል ተከራይቶ ወጣ።