ከጀሶ የወጣ እግር

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫ በዓል ያሆዴ ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። የምኖረው ሆሳዕና ነው። ሥራዬ የአንድ እግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ሲጎዱ አሽቼና እንቅስቃሴ አሠርቼ ወደ ሜዳ መመለስ ነው። በየቀኑ የሰው እግር ስለምይዝ ነገሩን ልርሳው ብል እንኳ አልችልም። ባት በያዝኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

አስቀድሜ ጠባዬን ልናገር፤ አለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። ሰው "ወጌሻ" ብሎ ሲጠራኝ ደስ አይለኝም ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ ተምሬ፣ ሰርተፊኬቴን መስታወት ውስጥ አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ እንዴት ወጌሻ እባላለሁ? "ፊዚዮ በሉኝ" እል ነበር። ተጫዋቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ሊያበሽቁኝ ሲፈልጉ ከሜዳው ማዶ ሆነው "ወጌሻ!" እያሉ ይጮሁብኛል።

በዚህ የማይቀልድብኝ በረከት ብቻ ነበር። በረከት የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው፤ በቀኝ ክንፍ ይጫወታል። እናቱ ወይዘሮ ታደለች የሀቢቾ ተወላጅ ናቸው፤ ሆሳዕና ገበያ ቅቤ እየሸጡ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት።

ከያሆዴ በፊት ልምምድ ላይ ሳለን የበረከት እግር ጉድጓድ ውስጥ ገባና ቁርጭምጭሚቱ ተሰነጠቀ። ሆስፒታል ወስደነው ጀሶ ተደረገለት። አምስት ሳምንት ቤት ተቀመጠ። ጀሶው በተፈታ ማግሥት ደግሞ የምሥራች መጣ፤ አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ለሙከራ ፈለገው። የቀረው ጊዜ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

"ፊዚዮ፣ ታደርሰኛለህ?" አለኝ።

"አደርስሃለሁ" አልኩት። ሳላስብ ነው ቃል የገባሁት። እውነቱን ለመናገር፣ እሱ አዲስ አበባ ሲጫወት "ማነው ያዳነህ?" ተብሎ ሲጠየቅ ስሜን ሲጠራ ታይቶኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እያነከሰ መጣ። ባቱ አብጧል፣ ጠንክሯል፣ ሲነኩት ያመዋል። "ጡንቻህ ተሳስሮ ነው፤ አምስት ሳምንት ታስሮ ከርሞ ምን ታደርገው?" አልኩት። አልጋው ላይ አስተኝቼ፣ ቅባት ቀብቼ በአውራ ጣቴና በክርኔ አሸሁት። ፎጣ ነክሶ ቻለው። ያን ጊዜ የማያምም ማሸት ማሸት አይመስለኝም ነበር። ማክሰኞም ደገምኩት። ረቡዕ ጠዋት ጫማው አልገባ አለው።

ያን ቀን እናቱ አብረውት መጡ። በሩ ላይ ቆመው ትንሽ ካቅማሙ በኋላ፣ "ልጄ፣ አንተን ንቄ አይደለም" አሉኝ። "ሀቢቾ ወይዘሮ ኤርጎጌ የሚባሉ ወጌሻ አሉ። የኔንም ክንድ የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ወስጄ ላሳየው።"

ደሜ ፈላ። ወጌሻ ጎትቶ ያበላሸውን እግር ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ገና የተጋጠመ አጥንት ቢጎተት እንደገና እንደሚሰነጠቅ ታየኝ። እምቢ ብል ደግሞ እናት ናቸው፣ ተደብቀው ይወስዱታል። "እንግዲያው እኔም አብሬ እሄዳለሁ" አልኳቸው። የሄድኩት ልጁን ከሴትዮዋ ልጠብቀው ነው። ቅባቴንም በቦርሳዬ ይዣለሁ፤ እሳቸው ሲጨርሱ ያበላሹትን ላስተካክል።

በሚኒባስ ሀቢቾ ደረስን። የወይዘሮ ኤርጎጌ ቤት ከእንሰት ጓሮ ጋር የተያያዘ ነው፤ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ከእኛ በፊት ከሞተር ሳይክል ወድቆ ትከሻው የወለቀ ሰውዬ ተቀምጧል። ወይዘሮ ኤርጎጌ ጠና ያሉ ቀጭን ሴት ናቸው፤ እጃቸው ግን ለሰውነታቸው የማይመጥን ሰፊ ነው። እጃቸውን የሰውዬው ትከሻ ላይ አሳርፈው በሀዲይኛ ጸለዩ። "አሜን" ሲባል ክንዱን ይዘው ወደ ውጭ ሳብ፣ ወደ ላይ መለስ አደረጉት። ትከሻው ገባ። ሰውዬው በላብ ተጠምቆ ጌታን አመሰገነ።

ንጹሕ ሥራ ነበር። እኔ ግን በልቤ "ዕድል ነው" አልኩ።

የበረከት ተራ ደረሰ። አጎዛ ላይ አስተኙትና የታመመውን ባቱን ይዘው ጸሎት ጀመሩ። ይሄኛው ጸሎት ግን አያልቅም። የኔ አባት ለማስተማር ከሰሜን የመጣ ኦርቶዶክስ ነው፤ እዚሁ ተወልጄ ባድግም ሀዲይኛ የምሰማው ግማሽ በግማሽ ነው። የበረከት ስም ሲጠራ፣ እናቱ ሲጠሩ፣ ጌታ ሲጠራ ይገባኛል፤ ሌላው ያመልጠኛል። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል፤ እኔ ብቻ አፍጥጬ ሰዓቴን አያለሁ። "አሁን ይሄ ሕክምና ነው?" እያልኩ።

በማፍጠጤ ግን አንድ ነገር አየሁ። የሴትዮዋ ከንፈር ሳያቋርጥ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ደህናው እግር ሄደ፤ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ቀጥሎ የእጃቸውን ጀርባ ባቱ ላይ አሳረፉ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቅልጥሙ ላይ ተጭነው ለቀቁ። የጣታቸው ምልክት ቅቤ ላይ እንደተጫኑት ጎድጉዶ ቀረ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ዓይናቸውን አልገለጡም።

"አሜን" ብለው ዓይናቸውን ሲገልጡ ፊታቸው ተለውጧል። እጃቸውን ከእግሩ ላይ አነሱ።

"ይሄን እግር ማን አሸ?" ብለው ጠየቁ፣ በአማርኛ።

 ወይዘሮ ታደለች መሬት መሬት አዩ።

"እኔ ነኝ፣ እማማ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ" አልኩ።

ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ተማሪ እንደሚጠይቅ መምህር ረጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ከጀሶ የወጣ እግር ይከሳል። ይሄ ለምን ወፈረ?" አሉኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱን እግሮች አስተያየሁ። 

"አጥንት ቢሆን እመልሳለሁ። ሥጋም ቢሆን አሻለሁ። ይሄ የደም ነገር ነው። እኔ አልነካም፣ አንተም አትንካ። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዱት። በእግሩ እንዳይሄድ!"

በረከት ቀና ብሎ እኔን አየኝ። "ፊዚዮ፣ ሙከራውስ?" አለ። ይህ ጥያቄው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ወንበር ላይ አስቀምጠን እስከ መንገዱ ተሸከምነው። ትከሻው የገባለት ሰውዬም ልሸከም ብሎ ሲነሳ ወይዘሮ ኤርጎጌ "አንተ ቁጭ በል!" ብለው ገሠጹት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀኝ ነበር።

መንገዱን ሙሉ የበረከትን ደረት ሳይ ነበር። ይተነፍሳል? ይተነፍሳል። ሚኒባሱ በዘለለ ቁጥር የኔም ልብ አብሮ ይዘላል። ምክንያቱም ለወይዘሮ ኤርጎጌ ጥያቄ መልሱን አውቀው ነበር። በሥልጠናው ጊዜ መምህራችን፣ ጀሶ ከተፈታ በኋላ ያበጠና የጋለ ባት ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ ብሎናል። ጽፌዋለሁ፤ ፈተና ላይ መጥቶልኝም መልሼዋለሁ። እግሩ ፊቴ ሲተኛ ግን የታየኝ ሙከራው ብቻ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የኔው ቢፈስ ግን የሚለቀም አልነበረም።

ሆስፒታል በአልትራሳውንድ ሲታይ የባቱ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። ሐኪሟ "ታሽቷል?" ብላ ጠየቀች።

"አዎ። ሁለት ጊዜ። እኔ ነኝ" አልኩ። በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ "እኔ ነኝ" ማለቴ ነው።

አልተቆጣችኝም። የረጋው ደም በማሸት ተነቅሎ ወደ ሳንባው ቢሄድ ኖሮ በቅጽበት ሊሞት ይችል እንደነበር ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወይዘሮ ታደለች አጠገቤ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ውጭ ስንወጣ ትከሻዬን ይዘው፣ "ምን ታውቃለህ ልጄ፣ ልታድነው ብለህ ነው" አሉኝ። "አውቅ ነበር" ለማለት አፌን ከፈትኩ። አቃተኝ። በዚያው ኮሪደር ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እሳቸው ደግሞ እኔን ያባብላሉ።

በረከት ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ተጀመረለትና እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ። ሙከራው አመለጠው። ለጥቂት ጊዜ አኩርፎኝ ነበር፤ ቢያኮርፍስ ይፈረድበታል?

ከወር በኋላ ስኳር ይዤ ላመሰግናቸው ወይዘሮ ኤርጎጌ ጋ ሄድኩ። ብቻቸውን በረንዳው ላይ ተቀምጠው እንሰት የፋቁበትን እጃቸውን ያሻሉ። ደፍሬ "እማማ፣ እንዴት አወቁ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

እጃቸውን ማሸታቸውን ተዉ።

"አንድ ጊዜ አሽቼ ነበር" አሉኝ በመጨረሻ። "የእህቴ ልጅ ናት። አራስ ነበረች። እግሯ እንዲህ ወፈረ። እኔ ቅቤ ቀብቼ በደንብ አሸሁ፤ ቀለለኝ አለች። በነጋታው ከአልጋ ልትነሳ ቆመች፣ ወደቀች። በዚያው ቀረች።"

ስኳሩን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩ።

"ድሮ ጸሎቴ አጭር ነበር" ሲሉ ቀጠሉ። "ሰው ይመጣል፣ ያመዋል፣ እኔ ቶሎ አሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ያረዘምኩት። እጄ እንዳይቸኩል።"

ሰዓቴን እያየሁ የተቆጣሁበት ጸሎት ለካ ይሄ ነው።

አሁን አልጋዬ ላይ ማንም ሲተኛ፣ ቀላል ወለምታ እንኳ ቢሆን፣ ቅባቱን አላነሳም። መጀመሪያ እጄን አሳርፌ በልቤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪያልቅ አልንቀሳቀስም። ከዚያ ደህናውን እግር እይዛለሁ፣ አወዳድራለሁ። ተጫዋቾቹ "ፊዚዮ ጴንጤ ሆነ!" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። "ወጌሻ!" ሲሉኝም "አቤት" እላለሁ።

በረከት ዘንድሮ ወደ ሜዳ ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት ጡንቻው ደክሞት መጣና አስተኛሁት። ባቱን ይዤ ብዙ ስቆይበት ቀና ብሎ፣ "ምነው፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?" አለኝ።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም" አልኩት።

ወይዘሮ ኤርጎጌ ያንን ጸሎት ያረዘሙት የእህታቸውን ልጅ ቀብረው ነው። እኔ ግን ማንም ሳይሞትብኝ ተማርኩት። የበረከት ባት እጄ ውስጥ ሲሞቅ ይህን አስባለሁ፤ አፍራለሁ፣ አመሰግናለሁም።