አገር ቤት ሄዷል

ማጅራት ገትር ሰፈራችን የገባ ጊዜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ተቋርጦ ቀበሌው በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ተማሪዎች ሲፈልግ የተመዘገብነው ሴቶች ብቻ ነን። እኔን ማንም አላስገደደኝም። የጎረቤታችን ሕፃን በሁለት ቀን ትኩሳት ሲሞት አይቼ፣ ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ሥራችን ቤት ለቤት እየዞርን መስኮት እንዲከፈት መንገር፣ የታመመ ካለ ለጤና ረዳቱ ማመልከት፣ የቀረውን ሰው መዝግበን ለክትባት ወደ ቀበሌው አዳራሽ መጥራት ነበር።

ወንዶቹ የሸሹት ያንን አዳራሽ ነው። ለውትድርና የሚፈለጉ ልጆች በየሰበቡ እየተጠሩ የሚታፈሱት እዚያ ነበር። ወንድሜም ስኳር ሊቀበል ተጠርቶ ሄዶ አልተመለሰም። ደብዳቤው ከተቋረጠ ወራት አልፈው ነበር። እና እኛ መዝገብ ይዘን ስናንኳኳ፣ ብዙ እናት የምታስበው ክትባቱን አልነበረም።

ከአዲሱ ገበያ ዝቅ ብሎ ትንሽ ሱቅ ያላቸው አንዲት የወሎ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሞተውባቸው አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ልጁ በክፍል አንድ ዓመት ይቀድመኛል፤ ወደ ዊንጌት ትምህርት ቤት አብረን ስንሄድ ያልገባኝን ሒሳብ መንገድ ላይ ያስረዳኝ ነበር። እቤታቸው ገብቼ ስንት ሰው እንዳለ ስጠይቃቸው፣ እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ነገሩኝ።

«ልጅዎስ?»

«አገር ቤት ሄዷል» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ከኋላቸው፣ ቤት ውስጥ በተዘረጋ ገመድ ላይ፣ ውሃው ገና የሚንጠባጠብ የወንድ ሸሚዝ ተሰጥቷል። ሸሚዙን አውቀዋለሁ። ወንድሜ ትዝ አለኝና እንዳሉኝ አድርጌ ጻፍኩ፦ አገር ቤት ሄዷል። ስወጣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ማታ ግን አላስቻለኝም። በማግስቱ ለጤና ረዳቱ ነገርኩት። ትልቅ ሰው ነው፤ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም። ዓርብ ከሥራ ሲወጣ ክትባቱን ይዞ ቤታቸው ድረስ እንደሚመጣ፣ ለማንም እንደማይናገር ቃል ገባልኝ። እንዳለውም መጣ። ሴትዮዋ ቦርሳ የያዘ የማያውቁት ወንድ ከጎኔ ሲያዩ በሩን በግማሽ ያዙት። ማንም እንደማያውቅ፣ እዚያው ቤታቸው ተወግቶ እንደሚያልቅ ለመንኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እናትሽንስ ለስኳር ነው ብለዋት አይደል?»

በሩን ዘጉት። ጤና ረዳቱ ክንዴን ይዞ መለሰኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ሴትዮዋ ሻሻቸውን እንኳ ሳያስሩ ደጃችን መጡ። የልጃቸው አንገት አልታጠፍ ማለቱን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲቃዥ ማደሩን ነገሩን። እናቴና እኔ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር በአልጋው ተሸክመን አስፋልት አደረስነው። ታክሲዎቹ በሽታውን እየፈሩ አለፉን። በመጨረሻ የቀበሌው መኪና መጣ፤ የታፈሱት ልጆች የሚጫኑበት፣ ሴትዮዋ ያን ያህል የሸሹት መኪና ነው። ልጁን ሲጭኑት እጄን ጨብጠው ይዘው፣ «ከዳነ ይወስዱት ይሆን?» አሉኝ። እንደማላውቅ ነገርኳቸው።

ዳነ። ሆስፒታል ብዙ ሰንብቶ ሲወጣ ግን ጆሮው አይሰማም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለውትድርና ተጠራ። ከኋላው ሆነው አጨበጨቡ፣ ብረት ወለል ላይ ጣሉ፤ ዞር አላለም። ወደ ቤቱ ሰደዱት። እናቱ ይህን ሊነግሩን እያለቀሱም እየሳቁም መጡ። እናቴ አቅፋ ሳመቻቸው፤ «እንኳን አተረፈልዎት» አለቻቸው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች፤ እንግዳዋ እስኪሄዱ ድረስም አልወጣችም። ወንድሜ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በዓመቱ ሱቃቸው ሄድኩ። ልጁ ባንኮኒው ኋላ ቆሟል፤ እናቱ ከውስጥ ጨው ይመዝናሉ። ሸሚዙን ማየቴን፣ እያወቅሁ ዝም ማለቴን ልነግረው ቆርጬ ነበር። ቀስ እያልኩ ተናገርኩ፤ ከንፈሬን ትክ ብሎ አየ። ምን ያህሉ እንደገባው አላውቅም። ራሱን ስለማይሰማ ድምፁን ሳይመጥን፣ ሱቁን በሚሞላ ድምፅ መለሰልኝ።

«ያን ዓርብ ስትለምኛት ሰምቼሻለሁ። ልወጣ ተነሥቼ ነበር። በሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ስትይዘው አየሁና ተውኩት።»

ከውስጥ የሚዛኑ ድምፅ ቆመ። እናቱ ጨው የያዘ ጭልፋቸውን እንዳነሡ ቀሩ። እሱ ጀርባውን ሰጥቷቸዋልና አላያቸውም፤ ምን ልስጥሽ ብሎ ጠየቀኝ።