ዓርብን የቆለፍኩ ዕለት

ትናንት እዚህ ዓረብ አገር፣ ሙሸይሪብ ሰፈር ያለው ቢሯችን ገና ከመቀመጤ አንድ ሰነድ በኢሜይል ደረሰኝ። «የማይነካውን ቆልፌዋለሁ፤ ክፍቱን ሙይ» ይላል መልእክቱ። ስከፍተው አንዲት አንቀጽ በቅንፍ ተከባ ቢጫ ሆናለች። ደሜ ፈላ። ላኪው ምንም አላጠፋም፤ እኔ ግን ያቺን ቢጫ ባየሁ ቁጥር የቆየ ንዴቴ ይነሳብኛል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አል ነስር ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ የጽሕፈት ሱቅ ተቀጥሬ ደብዳቤና ውል እተይባለሁ። ነሐሴ ስለነበር በሩ በተከፈተ ቁጥር ወበቁ መነጽሬን እንፋሎት ያለብሰዋል፤ ከጎረቤት የሚፈላው፣ ከረክ የሚሉት የወተት ሻይ የሄል ሽታው እስከ ጠረጴዛዬ ይመጣል።

እትዬ በላይነሽ ሰው ቤት የሚሠሩ የአገሬ ሴት ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አልረገጡም። እዚህ ቅዳሴው ዓርብ ነው፤ ዓርብ ደግሞ የአሠሪያቸው የማዳም ዘመዶች ተሰብስበው የሚበሉበት ቀን ነው። ውሉ ሊታደስ ሲል ግን ማዳም ዓርብን ልታሳርፋቸው እሺ አለች።

ውሉን የተየብኩት እኔ ነኝ። ማዳም አድራሻዋን እንድትሞላ በኢሜይል ሊላክላት ነው፤ ዓርቧን ግን እንዳትነካ ፈለግኩ። ስለዚህ የሰነድ መቆለፊያውን አበራሁና የዓርቧን አንቀጽ መርጬ «ሁሉም ሰው» በሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ከሁሉም ሰው ተጠበቀች ማለት መስሎኝ! አንቀጿ ቢጫ ስትሆን የይለፍ ቃል ሰጥቼ በራሴ ኮራሁ።

በማግስቱ ውሉ ሲመለስ የአድራሻው ቦታ ባዶ ነበር። በእስክሪፕቶ ትሞላዋለች ብዬ ሳላነብ አተምኩት።

«ልጄ፣ ዓርቤ አለች?» አሉኝ እትዬ በላይነሽ፤ እንግሊዝኛ አያነቡም።

«ቆልፌያታለሁ እትዬ፣ ይፈርሙ።»

ፈረሙ።

በመጀመሪያው ዓርብ ከቅዳሴ ቀሩ፤ በሁለተኛውም። ስደውል ስልኩን ማዳም ነጠቀቻቸው። «ውሉን አንብቢ!» አለችኝ። አነበብኩት። «ዓርብ ዕረፍት ነው» ብዬ የጻፍኩት «አሠሪዋ ስትፈቅድ» ሆኗል።

«ለምን ነካሽው?» ብዬ ጮህኩ።

«አድራሻዬን ልጽፍ ብል እምቢ አለኝ። የከፈትሽልኝ እሷን ብቻ ነው። ኸላስ፣ አለቀ!»

ቢጫዋ ለካ «ሁሉም ሰው» የሚጽፍበትን ቦታ ማሳያ ኖራለች። ሌላውን ሁሉ ዘግቼ ለማዳም የተውኩላት የሴትዮዋን ዓርብ ነበር! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኟ እኔ፣ ወረቀቱም ሌላ ሁለት ዓመት አልለቀቃቸውም።

ማዳምን ዛሬም ይቅር አላልኳትም። በር ክፍት ያገኘ ሁሉ ይሰርቃል እንዴ? የትናንቱን ሰነድ ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ቢጫዋ ውስጥ አንዲት ፊደል ሞክሬ፣ እሺ ስትለኝ በንዴት አጠፋኋት።

እትዬ በላይነሽ ውላቸው አልቆ አገር ሲገቡ ከአውሮፕላን ማረፊያ ደውለውልኝ ነበር። «አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፤ ቆልፈሽልኝ ነበር እኮ። ሰብራ ገባችብን እንጂ» አሉኝ። እኔም አዎ አልኳቸው።