የጉም በሯ እማማ ኤልሳ

ባለፈው ክረምት ቆቦ ላይ ድንገተኛ ዶፍ ወረደና መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ከደጋ የወረዱ አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ቆመው ነበር። የለበሱትን ባና አወለቁ፣ ጨመቁት፣ መልሰው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። የራሰ የበግ ጠጉር ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ጭስና እርጥብ ሣር የተቀላቀለበት ሽታ። በዚያ ወበቅ ውስጥ ብርድ ብርድ አለኝ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና፣ "አመመሽ እንዴ ልጄ?" አሉኝ። "ኧረ ደህና ነኝ አባቴ" አልኩ። ዝናቡ አባርቶ ሰው ሁሉ ሲበተን እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የእማማ ኤልሳ ቤት ሽታ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ከድጃ ጤና ረዳት ነበረችና ከቆቦ በላይ፣ በስተምዕራብ ገደሉ አፋፍ ላይ ወዳለች ጉም በር ወደምትባል መንደር ተመደበች። አባቴ ማሽላውን ጥሎ መምጣት አልቻለም፤ እኔን እናቴ ይዛኝ ወጣች። ሙቀት ሲጠና አልጋ ግቢ አውጥተን እንተኛ የነበርን ሰዎች፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ የሚታይበት አገር ገባን። ሰማዩ በጠራ ቀን ከአፋፉ ላይ ሆኜ ቁልቁል አያለሁ። የራያ ሜዳ እስከ ዞብል ተራራ ድረስ ተዘርግቶ፣ የጎሊና ወንዝ አሸዋ በመሀሉ ሲያበራ ይታየኛል። የቤታችንን ጣሪያ እፈልጋለሁ። አግኝቼው አላውቅም። ግን አገኘሁት እያልኩ ለእናቴ እነግራት ነበር።

ጎረቤቶቻችን ሁለት አዛውንት ሚሲዮናውያን ነበሩ፤ አባባ ዮሐንና ባለቤታቸው እማማ ኤልሳ። ከሩቅ ሰሜን፣ በረዶ ከሚወርድበት አገር የመጡ ናቸው። እኛ ስንደርስ ጉም በር ስድስት ዓመት ኖረዋል፤ ሁለቱም ፀጉራቸው ነጭ ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ያላት፣ በድንጋይ የተሠራች፣ ቆርቆሮ የለበሰች ነበረች። ከመሀሏ ከግማሽ በርሜል የተሠራ ምድጃ አለ፤ ከምድጃው በላይ በተዘረጋ ገመድ ላይ ሁልጊዜ የታጠበ የበግ ጠጉር ይንጠባጠባል። እማማ ኤልሳ ጠጉሩን ከመንደሩ ሴቶች ጋር ይፈትሉና ካልሲና ኮፍያ ይሠሩበታል። አባባ ዮሐን ደግሞ ውጭ በራቸው ላይ እንጨት ይልጋሉ። የትምህርት ቤታችን አግዳሚ ወንበሮች ሁሉ ከእጃቸው የወጡ ናቸው።

ቀናቸው ሁሌ አንድ ዓይነት ነበር። ጠዋት የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ ከዚያ አጭር ጸሎት፣ ከዚያ ሥራ። ምሳ ድንች ነው። ከምሳ በኋላ ሁለቱም ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ምድጃው ብቻ ይንጣጣል። እኔ ከጤና ጣቢያው ብርድ ሸሽቼ ጥጉ ላይ ቁጭ ብዬ ሲያንኮራፉ እሰማለሁ። እሑድ ሁለቱ ብቻቸውን ይዘምራሉ። የሚመጣላቸው ሰው የለም። ዜማቸው በመስኮቱ ወጥቶ የበጎቹ ጩኸት ውስጥ ይጠፋል።

የሁለቱ አማርኛ ለየቅል ነበር። አባባ ዮሐን ከመጽሐፍ ነው የተማሩት። "ልጄ ሆይ፣ ወዴት ትሄጃለሽ?" ይሉኛል። አህያቸው አልሄድ ሲል፣ "እባክዎን ይንቀሳቀሱ" ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እማማ ኤልሳ ግን ቋንቋውን ያገኙት ምንጭ ላይ፣ እንስራ ይዘው ተራ ከሚጠብቁ ሴቶች መሀል ነው። አንድ ቀን ጭቃ አዳልጦኝ ስወድቅ ከበራቸው ላይ፣ "እኔን ድፍት ያርገኝ!" ብለው ጮኹ። ዓይኔን ጨፍኜ ቢሆን ኖሮ አክስቴ ናት እል ነበር።

እናቴ ትወዳቸው ነበር። ሁለት የባዕድ ቤቶች ነበርን፤ የሙስሊሟ ጤና ረዳትና የፈረንጆቹ። አንድ ቀን ጠጉር አብረው ሲያበጥሩ እናቴ ፈራ ተባ እያለች፣ "እማማ ኤልሳ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ስትኖሩ ስንት ሰው አሳመናችሁ?" አለቻቸው።

እማማ ኤልሳ ማበጠሪያውን አስቀምጠው አሰቡ። "አንድም የለ" አሉ። "ዮሐንን ጀምሬዋለሁ፤ እሱም ገና ነው።" ሁለቱ ተያይዘው እስኪያነቡ ሳቁ።

የሚያስቀው ነገር ግን ከበስተኋላው ኀዘን ነበረው። በመጡበት የመጀመሪያ ዓመት ለልጆች ሥዕል ያለባቸው ትንንሽ መጻሕፍት አድለው ነበር። የመንደሩ ቄስ፣ ቄስ ሞላ፣ ቤት ለቤት ዞረው ሰበሰቧቸው፤ በጨርቅ ጠቅልለው ደጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው። አልተሳደቡም፣ አላስፈራሩም። ከዚያ ወዲያ ግን በመንገድ ሲተላለፉ ቄስ ሞላ ፊታቸውን ወደ ገደሉ ያዞራሉ። ሰው ሲሞት አባባ ዮሐን ከቅሬው እድርተኞች ጋር አስከሬኑን ተከትለው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ይሸኛሉ። እዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቆማሉ። አልፈው አይገቡም፤ ግቡ ያላቸውም የለ።

እማማ ኤልሳን መርሳት የጀመራቸው ሁለተኛው ዓመታችን ላይ ነው። መጀመሪያ ገንፎው ላይ ጨው ሁለቴ ጨመሩ። ቀጥሎ እኔን፣ ሰዓዳን፣ በማላውቀው ስም ጠሩኝ፤ አባባ ዮሐን፣ "የልጃችን ስም ነው፣ አትቀየሚ" አሉኝ። ከዚያ አማርኛው ቃል በቃል ይሄድባቸው ጀመር። አንድ ጠዋት ምንጭ ላይ ማሰሯቸውን አንስተው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ቆመው ቀሩ። አንዷ ሴት፣ "ውሃ ነው እማማ። ውሃ በይ" አለቻቸው። ሳቁ። ሁለተኛ ስትላቸው አለቀሱ። ሴቶቹ ማሰሯቸውን ቀድተው፣ ከበው ወደ ቤታቸው አመጧቸው። ከዚያ በኋላ በየተራ እየመጡ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይፈትላሉ። እማማ ኤልሳ በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ፤ ሴቶቹ በአማርኛ ይመልሳሉ። የሚግባቡ ይመስል ነበር።

በነሐሴ አንድ ቀን ጉሙ ከቆላው ተነስቶ ገደሉን ተንጠላጥሎ ወጣ። እንደዚያ ያለ ጉም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እጄን ዘርግቼ ጣቶቼ ጠፉብኝ። እናቴና እኔ ጤና ጣቢያው ውስጥ እንዳለን አባባ ዮሐን ባርኔጣ ሳያደርጉ፣ ጫማቸው ሳይታሰር ከበሩ ላይ ደረሱ።

"ኤልሳ የለችም" አሉ። የመጽሐፍ አማርኛቸው የት እንደገባ እንጃ። "እንጨት ልፈልጥ ወጣሁ። ስመለስ በሩ ክፍት ነው። ከድጃ፣ ኤልሳ የለችም።"

መንደሩ ወጣ። ወንዶቹ በዱላቸው መሬቱን እየደባበሱ፣ ሴቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ "እማማ ኤልሳ! እማማ ኤልሳ!" እያሉ ተጣሩ። ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። አንድ ሰው ቀይ ሻሻቸውን አየሁ ብሎ ሲሮጥ ደንግጠው ሸሹት፤ የሸሹትም ወደ ገደሉ በኩል ነው። ይህን ሲሰሙ አባባ ዮሐን ሁለት እጃቸውን አነሱ። "አትጥሯት! እየፈራች ነው። ስሟን አታውቀውም አሁን።" ከዚያ ቆም አሉና ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ። ወደዚያው መሄድ ጀመሩ። እናቴ እጄን ይዛ ተከተለቻቸው።

ቄስ ሞላ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቅጥሩ በር ላይ ቆመው ነበር። አባባ ዮሐን እንደ ልማዳቸው ከበሩ ወዲህ ቆሙ።

"አባቴ" አሉ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብለው ጠርተዋቸው አያውቁም። "ሚስቴ ጠፋች። ደወሉን ይደውሉልኝ።"

"ደወል ያለ ሰዓቱ አይደወልም" አሉ ቄስ ሞላ። "ሰው ሞተ፣ ወይም እሳት ተነሳ ይላል አገሩ።"

"አባቷ የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ነበር፣ በአገራችን። በረዶ ሲወርድ ልክ እንደዚህ ምንም አይታይም። ያኔ አባቷ ይደውላል፤ በየሜዳው የቀረ ሰው ድምፁን ተከትሎ ቤቱ ይገባል። እሷም ልጅ ሆና እንደዚያ ነው ከትምህርት ቤት የምትገባው። ቤታችንን ረስታለች። እኔንም አንዳንድ ቀን ትረሳኛለች። ያንን ግን አትረሳም።"

ቄስ ሞላ ወደ ጉሙ አዩ። እናቴ አላስቻላትም። "አባ፣ ገደሉ ቅርብ ነው" አለች።

"የደወል ደዋይ ልጅ ናት?" አሉ ቄስ ሞላ።

"አዎ።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው ሳትነግሩኝ?" አሉና ዘወር ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ደወሉ ተሰማ። እንደ እሳት ጥሪ የተጣደፈ አይደለም። አንድ፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ፤ ከዚያ ሌላ አንድ። ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ። ድምፁ ጉሙ ውስጥ እየሰፋ ሄዶ ሲጠፋ ይሰማኝ ነበር። ዲያቆኑ ሊያግዛቸው ቢል ቄስ ሞላ ገመዱን አልሰጡትም። ጉሙ ላይ ጊዜ አይለይም፤ ምን ያህል እንደቆየ ዛሬም አላውቅም። የእናቴ መዳፍ እጄ ላይ ላብ አውጥቶ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።

መጀመሪያ የሰማነው ዜማ ነው። ቀጭን የልጅ ድምፅ ይመስል ነበር። ከዚያ ቀዩ ሻሽ ታየ፣ ቀጥሎ ፊታቸው። ባዶ እግራቸውን፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ፣ ምንም ሳይጣደፉ፣ ትምህርት ቤት ውላ እንደምትገባ ልጅ እየዘመሩ መጡ። ባለቤታቸውን አልፈው፣ እኛን አልፈው፣ ከሁለቱ ማንም ገብቶ በማያውቅበት በዚያ በር ገቡ።

ቄስ ሞላ ገመዱን ለቀቁ። እንደ ልማዳቸው፣ ወደሳቸው ለሚመጣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ መስቀላቸውን ዘረጉ። ዘርግተው ሳለ ማን መሆኑ ትዝ ያላቸው መሰለኝ፤ እጃቸው ቆመ። እማማ ኤልሳ ግን መስቀሉን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ግንባራቸውን አስነኩት፣ ሳሙት። ቄስ ሞላ ቀና ብለው አባባ ዮሐንን አዩ። እሳቸው ሕይወታቸውን ሙሉ፣ በእኛ እምነት መስቀል አይሳምም ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አባባ ዮሐን ከበሩ ውጭ እንደቆሙ አንገታቸውን ደፉ።

"እንኳን ገባች" አሉ ቄስ ሞላ።

"አልሃምዱሊላህ" አለች እናቴ፤ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር።

በማግስቱ ቄስ ሞላ አንድ ማሰሮ ማር ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ እነአባባ ዮሐን ቤት ገቡ። ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ስለ ደወል ግን ብዙ ተጨዋወቱ፤ የዚያኛው አገር ደወል ምን ያህል እንደሚመዝን፣ ገመዱ ከምን እንደሚሠራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉም ሲወርድ ቄስ ሞላ ይደውሉ ነበር፤ እማማ ኤልሳ ምድጃው ዳር ተቀምጠው እያለም ቢሆን። ድምፁን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ፈገግ ይላሉ።

ጥር ላይ ልጃቸው ጻፈችና ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሆነ። ጉም በር እስከ ቁልቁለቱ መጀመሪያ ሸኛቸው። ቄስ ሞላም ነበሩ። እኔና እናቴ ቆቦ ድረስ አብረን ወረድን፤ የወልድያው አውቶቡስ እስኪነሳ ግቢያችን ኒም ዛፍ ሥር አረፉ። አባቴ ፓፓያ ቆርጦ ሰጣቸው። እማማ ኤልሳ ሹራባቸውን አንድ በአንድ እያወለቁ፣ ፀሐዩን ፊታቸው ላይ ተቀብለው፣ ጭማቂው በአገጫቸው እየወረደ በሉ። ከስንት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ያህል ደስ ብሏቸው አየሁ።

አውቶቡሱ ጥሩንባ ሲነፋ እናቴ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ መለየት አቃታት። አማርኛ ካፋቸው ከጠፋ ወራት አልፈው ነበር። እማማ ኤልሳ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉና፣ "አብሽሪ" አሏት። "አብሽሪ፣ ከድጃ።" ቃሉን ከራሷ ከእናቴ ነበር የተማሩት፤ እሷ በሽተኞቿን የምታጽናናበት ቃል ነው። አውቶቡሱ ወደ ሮቢት ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ ከመንገዱ አልተንቀሳቀስንም። በተከታዩ ዓመት አንድ ደብዳቤ መጣ። አባባ ዮሐን በዚያ በመጽሐፍ አማርኛቸው፣ ኤልሳ በበረዶ ወራት ማረፋቸውንና በአባታቸው ደወል መሸኘታቸውን ጽፈው ነበር።

ከዚያ ዶፍ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ጉም በር ወጣሁ። ቄስ ሞላ ካረፉ ቆይቷል። የድንጋዩ ቤት የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል። አንድም የማውቀው ፊት ሳላገኝ ልመለስ ስል ጉሙ ወጣና መንገዱን ዋጠው። ባለሁበት ቆምኩ። ደወሉ ተሰማ። አንድ፤ ረጅም ዝምታ፤ አንድ።

ድምፁን ተከትዬ ቅጥሩ በር ደረስኩ። ገመዱን የያዘው ሃያ ዓመት የማይሞላው ዲያቆን ነው።

"የምን ጸሎት ነው?" አልኩት።

"ጸሎት አይደለም እትዬ። ጉም ሲወርድ ይደወላል።"

"ለምን?"

ትከሻውን ሰበቀ። "እንጃ። እኛም እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘነው። መንገደኛ ካለ ይገባበታል።"

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ያኔ ጭራሮ የተሸከመች አንዲት ሴት ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች። እኛን ስታይ ሸክሟን አስተካከለች፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አለችውና ወደ ቤቷ አለፈች። ዲያቆኑ እንደገና ገመዱን ሳበ።