በለጡን «ደርባባ» ያሏት ጊዜ

የእንዶድ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር፣ ሰበታ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብላ ነጠላ የምታጥበው ታላቅ እህቴ በለጡ ትታየኛለች፤ ባማትብም አትሄድም።

በጃንሆይ ዘመን በእኛ ሰፈር ቆንጆ ሁሉ ደርባባ አይባልም ነበር። ደርባባ የምትባለው እንግዳ ፊት የማትሽኮረመም፣ የማትቅለበለብም፣ ረጋ ብላ ገብታ፣ ሰላምታዋን አድርሳ ስትቀመጥ ቤቱን የምትሞላ ሴት ነበረች። በለጡ እንዲያ ነበረች፤ ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኟት ከበቅሏቸው ወርደው ሰላም ይሏት ነበር።

ስድስተኛ ክፍልን በጨረሰችበት ክረምት፣ ከተጂ በኩል ለልጃቸው ሚስት የሚፈልጉ ሰዎች እንዳሉ ተሰማ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አንዲት ሴት ቅቤ ገዢ መስላ መጥታ የልጅቱን አኳኋን ታይ ነበርና፣ በለጡ «የማታውቂያት ሴት ከመጣች የለችም በይ፤ ትምህርቴን ልቀጥልበት» ብላ በማርያም አስማለችኝ።

መስከረም እንደጠባ፣ እናቴ ገበያ በሄደችበት ቀን ሴትዮዋ መጣች።

«እህቴ የለችም» አልኳት።

«ደርባባ ናት ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ለካ ወሬ ነው! ሰው ሲመጣ ጓዳ የምትደበቅ ናት በይኛ» ብላ ሳቀች።

«እህቴ ናት የምትደበቀው? ይቆዩ!» ብዬ ወደ ወንዙ በረርኩና፣ «እታለም፣ እማዬ ቶሎ ነይ ብላሻለች» አልኳት። እርጥብ ልብሷን ተሸክማ ደጃፍ ስትደርስ ሴትዮዋን አየች፣ እኔንም አየች፤ ከዚያም ልብሱን አውርዳ፣ እጇን አድርቃ፣ «አካም ጂርቱ» ብላ ቀና እንዳለች ሰላም አለቻት። ሴትዮዋ የቅቤውን ዋጋ እንኳ ሳትጠይቅ ሄደች።

በጥር ተዳረች። በተከታዩ ክረምት ልንጠይቃት ተጂ ስንሄድ፣ አማቷ በሳሉ ቁጥር ብድግ የምትል፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሳ ሴት ሆና አገኘኋት። «ይቅር በይኝ» ሌላ ጊዜ እላታለሁ ብዬ ተመለስኩ፤ እሷም በመጀመሪያ ወሊዷ ሞተች።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። ቢሆንም ዛሬ ከሀገሬ ርቄ በምኖርበት ከተማ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹ የልጅ ልጄን አይተው «እንዴት ያለች ደርባባ ናት!» ሲሉ፣ ያኔ እህቴን ለማሳየት እንደተጣደፍኩት ሁሉ ዛሬም ለመደበቅ ተጣድፌ፣ «ኧረ ምኗ ደርባባ፣ ቀዥቃዣ ናት» እላለሁ። እዚህ መጥቶ የሚወስዳት እንደሌለ አውቃለሁ።

ባለፈው እሑድም እንዲሁ ብዬ ስንመለስ፣ ልጅቷ መንገድ ላይ እጄን ለቀቀችና፣ «እማማ፣ ምን አድርጌሽ ነው?» አለችኝ።