የሰው ጓሮ ማንጎ

የምከራየው ሰርቪስ ቤት ከግቢው በር አጠገብ ስለሆነ፣ አከራዬ የሚሸጡትን ዋናውን ቤት ሊገዛ የሚመጣውን ሁሉ በመስኮት አያለሁ። እንደዚህ ሰውዬ መቆምም መቀመጥም ያቃተው ግን አላየሁም። ትናንት ያቀረበው ዋጋ አንሷል ተብሎ ተመልሷል፤ ዛሬ በጠዋቱ ከደላላው ጋር መጣ።

ክርኑ ላይ እራፊ የተጣፈበት ካኪ ኮት ለብሷል፤ ግራ እጁ ላይ የቆየ የገጀራ ጠባሳ አለ። ደላላው በር ላይ «አደራ፣ ቤቱን እንደወደዱት እንዳያሳዩ» ሲለው ሰምቻለሁ።

ምክሩን ለመፈጸም ሞክሯል። እየተንጎራደደ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ተሰንጥቋል» አለ። ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋ፤ «ይሄም ያንጠባጥባል።» አከራዬ እትዬ ወሰንየለሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ያዩታል።

አፉ እየነቀፈ እጁ ግን ሌላ ሥራ ያዘ። የአዳማ ንፋስ ያዘመማትን የማንጎ ችግኝ ሲያይ ተንበረከከ፤ ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ እንጨት ላይ ደግፎ አሰራት፣ ቧንቧው ሥር ካለው ጀሪካንም ውሃ ቀድቶ አጠጣት። ደላላው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ከጠራሁት ዋጋ ንቅንቅ አልልም» አሉ እትዬ ወሰንየለሽ፣ ፈገግ ብለው።

ሰውየው የጉልበቱን አፈር ሳያራግፍ ተነሳ።

«ጡረታ ወጥቼ የወንጂ ስኳር ፋብሪካን የካምፕ ቤት ሳስረክብ፣ የተከልኩትን ሁሉ ትቼ ነው የወጣሁት» አለ። በሩ ጋ ደርሶ ደግሞ ዞረ። «ጨምሬ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ውሃ እንዳይነፍጓት።»

ቤቱ የተሸጠ ቀን እኔም መውጣቴ አይቀርም። ችግኟን የማጠጣት ግን እኔው ነኝ።